«አምና ሁዳዴ መቼ ገባ?»

የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የድረ ገጼን የፍለጋ ዘገባ ከፈትሁ። ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘው ይህ ድረ ገጽ ስለ አገራችን ምግብ አሠራር፣ በተለይም ስለ ጾም ምግብ የሚናገር ሲሆን፣ አብዛኞቹ አንባቢዎቹ የሚመጡት ጉግል ላይ «የሽሮ አሠራር»፣ «አዚፋ»፣ «የሱፍ ፍትፍት» እያሉ ፈልገው ነው። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ያለፉትን 28 ቀናት ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ቀናት ጋር የሚያወዳድር ምርጫ አለ፤ ያንን ነካሁት። የ2016ቱ መስመር ከ2015ቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲሄድ ቆየና በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ጨርሶ ተለያዩ፤ የ2015ቱ ሽቅብ ሲወጣ የ2016ቱ ባለበት ቀረ። የጾም ገጾቼ የቀደመውን ዓመት ጠቅታ ግማሽ እንኳ አላገኙም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ፣ «አጫጭርና ጥልቀት የሌላቸው ጽሑፎች ድረ ገጹን በሙሉ ወደ ታች ይጎትቱታል» የሚል ምክር በየቦታው ማንበቤን አስታውሼ፣ አጭር ናቸው ያልኋቸውን 41 ጽሑፎች አንድ በአንድ ሰረዝሁ። ከመካከላቸው እናቴ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እየነገረችኝ ከአፏ ተቀብዬ የጻፍሁት የስልጆ አሠራር ነበረበት፤ የሰረዝሁትም ዐሥራ ሁለት መስመር ብቻ ስለ ነበረ ነው። ከዚያም የሃያ ስድስት ገጾችን ርእስ ለወጥሁ፤ የዘጠኙን ደግሞ አድራሻቸውን ጭምር ቀየርሁ። በማግስቱ፣ ማክሰኞ የካቲት 26 ቀን፣ ጉግል የማርች 2024 ኮር አፕዴት ብሎ የሰየመውን፣ የፍለጋ ውጤቶችን ቅደም ተከተል የሚለውጥ ትልቅ ማሻሻያ መልቀቅ ጀመረ፤ ለውጡ ተለቅቆ ያለቀውም ከ45 ቀናት በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን ነው። በእኔ እጅ የሆነውንና ከእኔ ውጭ የሆነውን ለይቶ የማወቅ ዕድሌ ያን ዕለት አበቃ።

ድረ ገጽ ያለው ሰው ሁሉ ይህን የመሰለ ማታ አሳልፏል፤ ያላሳለፈም ማሳለፉ አይቀርም። የማምነውን ከወዲሁ ልናገር፤ በፍለጋ ውጤቶች ውስጥ ያለን ደረጃ በመውረዱ ከሚደርስብን ጉዳት ይልቅ፣ ወረደ ብለን በደነገጥንበት ሳምንት በገዛ እጃችን የምናደርሰው ጉዳት ይበልጣል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

መጋቢት 7 ቀን፣ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከእኔ ብዙ ቀድመው የፈተና ጥያቄዎችንና መልሶችን የሚያወጣ ድረ ገጽ የከፈቱትን፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸውን ሰው አራት ኪሎ አገኘኋቸው። ጾም ስለ ነበር ሁለታችንም ጥቁር ቡና አዘዝን። ያተምሁትን ግራፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱትና፣ የ2015ቱ መስመር ሽቅብ መውጣት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «አምና ሁዳዴ መቼ ገባ?» አሉኝ።

«የካቲት አጋማሽ ላይ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ዘንድሮስ?»

«ሰኞ ዕለት። መጋቢት ሁለት።»

«ታዲያ ይህ ግራፍ የሚያወዳድረው የጾምን ሳምንት ከፍስክ ሳምንት ጋር አይደለም እንዴ፣ ልጄ? በፍስክ የሱፍ ፍትፍት የሚፈልግ ስንት ሰው አለ?»

የምመልሰው አጣሁ። ሁዳዴ በ2015 ዓ.ም. የገባው የካቲት 13 ቀን ሲሆን በ2016 የገባው መጋቢት 2 ቀን ነው፤ በመካከሉ ሦስት ሳምንት ያህል ልዩነት አለ። ሰርች ኮንሶል የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ስለ ሆነ ፌብሩዋሪ 20ን ከፌብሩዋሪ 20 ጋር አስቀምጦ አሳየኝ፤ በአንደኛው ዓመት ያ ቀን የጾሙ መጀመሪያ፣ በሌላኛው ግን ሰው ገና ሥጋ የሚበላበት ቀን መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ጽሑፎቹን ስሰርዝ የነነዌን ጾም ከጾምሁ ገና አምስት ቀኔ ነበርና ሁዳዴ እየመጣ እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን የቤቴን የቀን አቆጣጠርና የግራፉን የቀን አቆጣጠር አንድ ላይ አድርጌ አላሰብኋቸውም።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን እንደ ገና ሠራሁት። ጽሑፎቹን ከመሰረዜ በፊት ያለፈ፣ በሁለቱም ዓመት ያለ አንድ ንጹሕ መለኪያ ነበረኝ፤ እርሱም ነነዌ ነው። የ2016ቱን ሦስት የነነዌ ቀናት ከ2015ቱ ሦስት ቀናት ጋር ሳስተያያቸው የጠቅታው ልዩነት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ግማሽ መንገድ ወድቄያለሁ ብዬ 41 ጽሑፍ የሰረዝሁት ለዚህች ነበር። ከዚያ ወዲህ የጾምን ጊዜ የማወዳድረው በቀን ሳይሆን በሳምንቱ ስም ነው፤ ዘወረደን ከዘወረደ፣ ቅድስትን ከቅድስት፣ ምኩራብን ከምኩራብ ጋር አስቀምጣለሁ። ስለ ረመዳን ምግብ የሚጽፍ ሰውም ይኸው ያጋጥመዋል፤ ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ፣ የአምናውን ቀን ከዘንድሮው ቀን ጋር ማስተያየት ጾመኛውን ከጾመ ፈቺው ጋር ማስተያየት ይሆናል።

ከአምስቱ አንዱ እጅ ግን እውነተኛ ነበር፤ እርሱንም መሸሽ አልፈልግም። መውረድ የጀመረው በ2016 መስከረም ላይ ነው። በዚያን ጊዜ «ጠቃሚ ይዘት» የተባለው የጉግል ሥርዐት አዲስ ማሻሻያ መስከረም 3 ቀን መለቀቅ ጀምሮ በመስቀል ዕለት አልቆ ነበር። ይህ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በእንግሊዝኛ ተጀምሮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለቋንቋዎች ሁሉ የተዘረጋ ስለ ሆነ አማርኛም ከዚያ ወዲህ በሚዛኑ ላይ አለ። የወረዱትን ገጾቼን አንድ በአንድ ከፍቼ ሳያቸው ብዙዎቹ ራሴ አብስዬ ሳልቀምስ፣ ሰው ስለሚፈልጋቸው ብቻ የጻፍኋቸው ነበሩ። ለምሳሌ የኪንዋ አሠራር የሚል ገጽ ነበረኝ፤ ኪንዋ ግን በቤቴ ገብቶ አያውቅም።

በጠቅላላው፣ ደረጃ የሚለዋወጠው አንድ ሰው እኛን ለመቅጣት ስለ ተነሣ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት ከሌሎቹ የለየው፣ አንድን ገጽ ስንት ሌሎች ገጾች ይጠቁሙታል፣ ጠቋሚዎቹስ እነማን ናቸው ብሎ መመዘኑ ነበር፤ ሰዎች ይህን ሲያውቁ ጥቆማ መሸጥና መግዛት ጀመሩ፤ ሚዛኑንም መቀየር ግድ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2011 የተለቀቀው ፓንዳ ለቁጥር ያህል የሚታተሙ ባዶ ጽሑፎችን፣ በኤፕሪል 2012 የተለቀቀው ፔንጉዊን ደግሞ የተገዙ ሊንኮችን ዋጋ ለማሳጣት የተሠሩ ናቸው። በኤፕሪል 2015 ለስልክ የሚመቹ ገጾች በስልክ ፍለጋ ላይ ቅድሚያ አገኙ፤ አንባቢያችን ከሞላ ጎደል በስልክ የሚያነብ ስለ ሆነ ይህ ለእኛ ተገቢ ለውጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ቁጥር መሠረት በ2022 ብቻ በፍለጋው ላይ ከ4,700 በላይ ማሻሻያዎች ተደርገዋል፤ በቀን ሲካፈል ከዐሥር ይበልጣል። ስም ወጥቶላቸው የምንሰማቸው ከእነዚህ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አምስተኛ የነበረ ገጽ በሚቀጥለው ሳምንት ሰባተኛ፣ ከዚያም አራተኛ ቢሆን፣ ሰው ከአልጋው የሚያስነሣው ምክንያት የለም።

ኮር አፕዴት ስለሚባሉት ትልልቅ ለውጦች ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ማብራሪያ አንድ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መቶ ምርጥ ፊልሞችን የዘረዘረ ሰው ዝርዝሩን በ2019 ቢያድሰው፣ በመካከሉ የተሠሩ ፊልሞች ይገባሉ፤ ከቀድሞዎቹም አንዳንዶቹ እንደ ገና ሲታሰብባቸው ከፍ ይላሉ፤ ዝቅ ያሉት መጥፎ ስለ ሆኑ አይደለም። መጀመሪያ ሳነበው ከልብ ያልሆነ ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው አንድ ቀን «የሽሮ አሠራር» ብዬ ፈልጌ፣ ከእኔ በላይ ያሉትን ሰባት ውጤቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መመልከቴ ነው። ሦስቱ ቪዲዮዎች ነበሩ። ሁለቱ ገጾች ከእኔ ይሻላሉ፤ አንዲት ልጅ ሽሮው በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ሲጨመርና ደረቁን ሲነሰነስ የሚያመጣውን ልዩነት ጎን ለጎን በፎቶ አሳይታለች፤ እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ ያላሰብሁት ነገር ነው፤ ከእኔ በላይ መቀመጧም ይገባታል። የቀሩት ሁለቱ ግን ከእንግሊዝኛ በማሽን ተተርጉመው የተለጠፉ ነበሩ። አንደኛው ሽሮን «የሽምብራ ዱቄት ሾርባ» ይለዋል፤ ሌላው «ሽንኩርቱ ወርቅ እስኪሆን» አብስሉት ይላል፤ ውኃው መቼ እንደሚጨመር ግን አንዱም አይናገርም። እንዲህ ያሉ በጅምላ የሚመረቱ ገጾችን የሚከለክል ደንብ በዚያው በማርች 2024 ወጥቷል፤ ሆኖም በአማርኛ ስፈልግ ዛሬም አገኛቸዋለሁ። የሚያንገበግበኝ የእኔ ደረጃ አይደለም፤ ከቤቷ ርቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽሮ የምትሠራ ልጅ በዚያ ገጽ ተማምና ምሳዋን ማበላሸቷ ነው።

የፊደላችን ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ ምክሮች ስለማያነሡት ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ጾም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፤ በፀሐዩ ፀም ይጻፋል፤ ጦም ብሎ የሚጽፍም አለ። አሠራር በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ ብዙው ሰው ግን በስልኩ የሚጽፈው በእሳቱ ሰ ነው። እንግዲህ «የጾም ምግብ አሠራር» የሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ በስድስት መንገድ ሊጻፉ ነው። በሰርች ኮንሶል ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ስድስቱ እንደ ስድስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ደረጃ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ያው አንዱ ገጽ በአንደኛው አጻጻፍ ሦስተኛ፣ በሌላው ዐሥራ ሰባተኛ ሆኖ ያየሁበት ወቅት አለ። ከዓረብ አገርና ከአሜሪካ የሚፈልጉ ብዙ አንባቢዎች ደግሞ ስልካቸው ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌላቸው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፤ እርሱም እንደ ጸሓፊው የሚለያይ ነው። ጉግል የቃላትን ትርጉም ከዐረፍተ ነገሩ አያይዞ እንዲረዳ የሠራውን በርት የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከሰባ በላይ ለሆኑ ቋንቋዎች ሲያዳርስ አማርኛ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲህ በአጻጻፎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲጠብብ ታዝቤያለሁ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ይህን ያወቀ የድረ ገጽ ባለቤት የሚፈተንበት ነገር አለ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል በአራት ዓይነት ፊደል እየለዋወጡ መጻፍ። እኔም በ2014 አድርጌዋለሁ። ጽሑፉን ያነበበች የቀድሞ የአማርኛ መምህሬ ደውላ «ምነው፣ ፊደል ጠፋሽ እንዴ?» ስትለኝ በእውነት አፈርሁ፤ በደረጃውም ያገኘሁት ጥቅም አልነበረም። ዛሬ የማደርገው አንዱን አጻጻፍ መርጬ በርእሱም በጽሑፉም እርሱኑ መያዝ፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ ሰው በሚያነብበት መልኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ ማንሣት ነው። ከዚህ በላይ ማድረግ አንባቢን መናቅ ይመስለኛል። ደግሞም የመጣንበትን መርሳት አይገባም፤ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ የዓለም ፊደላትን በኮምፒውተር በሚወክለው የጋራ ሥርዐት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የሚለጠፈው በየራሱ ፎንት ወይም በምስል መልክ ስለ ነበር መፈለጊያ ሞተር አንድም ቃል አያነብለትም ነበር። ያን ጊዜ ስለ ደረጃ የሚጨነቅ አልነበረም፤ የሚገኝ ነገር አልነበረምና።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በዚያው ቅዳሜ የራሳቸውን ነገሩኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረ ገጻቸውን ከአንድ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ ከሚቀመጥበት አገልግሎት) ወደ ሌላ ሲያዛውሩ፣ ሥራውን የሠራላቸው ባለሙያ ለሙከራው ጊዜ «የመፈለጊያ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ፣ ሲጨርስ ሳያነሣው ሄደ። ገጾቻቸው ከፍለጋ አንድ በአንድ እየጠፉ ሲሄዱ እርሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አዲሱ አልጎሪዝም የተጻፈ ነገር ሲያነቡ ቆዩ። «ሳጥኗ አንዲት ጠቅታ ነበረች» አሉኝ፤ እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ቁጭት አልረሳውም።

ስለዚህ መስመሩ ሲወርድ አሁን የምጠይቀው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ገጹ በፍለጋው ውስጥ መኖሩን፣ ሰርቨሩም መሥራቱን አያለሁ። ቀጥዬ ኢንተርኔቱ ራሱ መኖሩን አስባለሁ፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ከአገር ቤት የሚመጣው መስመር ወለል ነክቶ፣ የቀሩኝ በውጭ ያሉ አንባቢዎች ብቻ ነበሩ፤ ያንን ግራፍ ያለ ቀኑ ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት ደረጃዬ የጠፋ ይመስለዋል። ከዚያ ጾም ነው ወይስ ፍስክ ብዬ እጠይቃለሁ። እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው ዕይታን (ገጹ በፍለጋ ውጤቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ታየ)፣ ጠቅታንና አማካይ ደረጃን ለያይቼ የማየው። ዕይታው ቀንሶ ደረጃው ያልተነካ እንደ ሆነ ሰው ነገሩን መፈለግ ቀንሷል ማለት ነው። አማካይ ደረጃ የሚባለው ቁጥር ደግሞ ክፉኛ ያሳስታል፤ አንድ ገጽ ለአዳዲስ ጥያቄዎች አርባኛና ሃምሳኛ ሆኖ መታየት ሲጀምር፣ በድሮዎቹ ላይ ቦታውን ሳይለቅ አማካዩ ይወርዳል። ገጹ እያደገ ሳለ የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ አማካዩን ትቼ ዐሥር ዋና ዋና ጥያቄዎችን ብቻ እየነጠልሁ እከታተላለሁ።

በደነገጥሁበት በዚያ ሳምንት ካደረግኋቸው ነገሮች እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ሌላም አለ። በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጥሻለሁ ላለኝ ሰው 15,000 ብር ከፈልሁ። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል በግልጽ ተጽፏል፤ እኔ ያነበብሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በሰርች ኮንሶል የሊንኮች ዘገባ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው የውጭ አገር የቁማር ድረ ገጾች ወደ ሽሮ ገጼ የሚያመለክቱ ብዙ ሊንኮችን አገኘሁ። ሰውየው ስደውልለት አላነሣም። እንዲህ ያሉትን ሊንኮች አልቀበላቸውም ብሎ ለጉግል ማሳወቂያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ያለ ዕውቀት ሲነካ መልካሞቹንም ሊንኮች ያስጥላልና ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው፣ የቁማሮቹን ብቻ ለይተን ነው ያስገባነው።

በአሜሪካ ላደጉ ልጆች ብዬ በእንግሊዝኛ የጻፍኋቸው ጥቂት ገጾች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እያየሁ ነው፤ ደረጃቸው ሳይነካ ጠቅታቸው ብቻ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ከውጤቶቹ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ መታየት ስለ ጀመረ፣ ጠያቂው መልሱን እዚያው አንብቦ ሊሄድ ይችላል። ይህ ከደረጃ ጋር የማይያያዝ አዲስ ጉዳይ ነው፤ በደረጃ መድኃኒትም አይድንም። የጻፈው ሰው ሳይጎበኝ ሥራው ብቻ የሚነበብበት አካሄድ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ምጣዱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ደብተር አለኝ። በየገጹ አምስት ዓምድ አስምሬበታለሁ፤ የእኛ ቀን፣ የፈረንጁ ቀን፣ የጾሙ ሳምንት፣ እኔ የለወጥሁት ነገር፣ ከእኔ ውጭ የተለወጠ ነገር። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ነገር አልለውጥም። ኮር አፕዴት እየተለቀቀ ሳለ ምንም አልነካም፤ ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ጉግል ራሱም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሰርች ኮንሶል መረጃውን የሚያቆየው ለ16 ወራት ብቻ ስለ ሆነ ሁለት ሁዳዴ ማወዳደር ቢቻልም ሦስተኛው አይገኝም፤ ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ዘገባውን አውርጄ አስቀምጣለሁ። አድራሻቸውን የቀየርሁባቸውን ዘጠኝ ገጾች ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲያስተላልፉ አድርጌያለሁ፤ ሰባቱ ወደ ነበሩበት አካባቢ ተመልሰዋል፤ ሁለቱ አልተመለሱም። የኪንዋውን ገጽና መሰሎቹን አንሥቻለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። በግንቦት 2016 የቴሌግራም ቻናል ከፍቼ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ እዚያ እነግራለሁ፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው ጉግል ዛሬ ስንተኛ አደረገኝ ብሎ አይጠይቀኝም።

ከሰረዝኋቸው 41 ጽሑፎች ሃያ ሦስቱን ዌይባክ ማሽን የተባለው የድረ ገጾች ቤተ መዛግብት ውስጥ አገኘኋቸው። ዐሥራ አንዱ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ነበሩ። የእናቴ ስልጆ ግን በሁለቱም ውስጥ አልነበረም። እናቴ በ2013 ስላረፈች ደግሜ የምጠይቃት የለኝም። በጥቅምት 2017 ይህን በቻናሉ ላይ ስጽፍ፣ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት በእጇ የገለበጠችውን የደብተር ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የባቄላ ዱቄቱ መጠን፣ የሱፉ ውኃ አወጣጥ፣ ሰናፍጩ የሚገባበት ሰዓት፣ ዐሥራ ሁለቱም መስመሮች አሉ፤ «ሦስት ቀን ሳይሞላው አትክፈቺው፣ ቢያምርሽም» የሚለው የእናቴ ቃል ሳይቀር። ከገጹ ዳር ላይ የበርበሬ ቅባት ነክቶታል።

ጽሑፉ ተመልሶ ወጥቷል፤ ዐሥራ ሁለት መስመር እንደ ሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ቀን ነው። ያልተገኙት ስድስቱ የአብሽ ውኃ፣ የቆሎ አቆላል፣ የጎመን ክትፎ፣ የዱባ ወጥ በተልባ፣ የአጃ አጥሚትና የኑግ ቆሎ ናቸው። ከእናንተ መካከል ገልብጦ ያስቀመጠ ካለ ይላክልኝ፤ ፎቶም ቢሆን አነብበዋለሁ።